ፒያኖ በቤት ውስጥ፤ ስለ ሕፃናት ትምህርትና ስለ ሰሚው ጆሮ

በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ በሚገኝ በአንድ ወዳጃችን ቤት፣ የእንቁጣጣሽን በዓል አብረን እንድንውል ተጋብዘን በሄድን ጊዜ፣ ከሳሎኑ ግድግዳ ተጠግቶ የቆመ አንድ አሮጌ ፒያኖ አየን። ከአገር ይወጣ ከነበረ የውጭ አገር ሰው የተገዛ መሆኑንና ከጥቁሮቹ ቁልፎች አንዱ ድምፅ እንደማይሰጥ የቤቱ ጌታ ነገሩን። በላዩ ነጭ ዳንቴል ተነጥፎበት፣ በዳንቴሉም ላይ የሠርግ ፎቶግራፍና የአበባ ማስቀመጫ ተደርድሮበታል። ሁለተኛው ቡና እንደ ተቀዳ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ተጠራች። «ነይ እስቲ፣ ለእንግዶቹ አሳያቸው» ተባለች። ልጂቱም እግሯ መሬት ሳይነካ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ከአንድ የውጭ አገር የጀማሪዎች መጽሐፍ አንዲት አጭር ዜማ ጀመረች። በሦስተኛው መስመር ላይ ጣቷ ሳተ። አባቷ «ከመጀመሪያው!» አሏት። ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እዚያው ስፍራ ላይ ደግማ ሳተች። በሦስተኛው ጊዜ እንደ ምንም ጨረሰችው። የመጨረሻው ድምፅ ገና ሳይጠፋ እናቷ ከወደ ጓዳ «ጎበዝ!» አሉ፤ እኛ እንግዶቹም አጨበጨብንና ወዲያው ወደ ወጋችን ተመለስን። ልጂቱ መጽሐፉን ከድና ወጣች።

እኛም ካጨበጨቡት መካከል ነበርንና ከዚህ በታች የምንሰነዝረው ሂስ ራሳችንንም የሚነካ መሆኑን አስቀድመን እንናገራለን።

ነገሩ በአንድ ቤት ብቻ የሚታይ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍንበት ነበር። ነገር ግን ዛሬ በከተማችን ልጁን ፒያኖ ለማስተማር የሚደክም ወላጅ ጥቂት አይደለም። ፒያኖ መግዛት ያልቻለው፣ ሕዝቡ ኦርጋን እያለ የሚጠራውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይገዛል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ትምህርቱም አብሮ ቢጠፋም እንኳ፣ መሣሪያው ቤት መግባቱ መልካም ነው። አስተማሪ ይቀጠራል፤ መጽሐፍ ይገዛል። ዓመት ወይም ሁለት ዓመት እንዳለፈ ግን ክዳኑ ይዘጋና ዕቃው የፎቶግራፍ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ «ልጁ ሰነፍ ሆነ» ይባላል። እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም። ጉድለቱ ያለው ልጁ ከሚጫወትበት ክፍል ውስጥ በሚሰማው ጆሮና በፊቱ በሚዘረጋለት መጽሐፍ ላይ ነው ብለን እናምናለን።

ስለ ጆሮው እናስቀድም። ወላጆች ልጆቻቸውን ለማበርታት ሲሹ ዘወትር የሚጠቅሱት የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ነው። ያሬድ በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ በአጎቱ በመምህር ጌዴዎን እጅ ተገረፈ፤ ሸሽቶም ከአንድ ዛፍ ሥር ባረፈ ጊዜ፣ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ስድስት ጊዜ ሞክሮ ሲወድቅ፣ በሰባተኛው ሲወጣ አየ፤ ከዚያም ተመለሰ። ይህን ታሪክ የምንነግረው ለልጁ ነው። «አየህ፣ ትሏ እንኳ ሰባት ጊዜ ሞከረች» እንላለን። ታሪኩ ግን ለጌዴዎንም የሚለው ነገር አለው፤ ለእርሱ ሲነበብ ሰምተን አናውቅም። ጅራፉ ያሬድን ከትምህርት ቤት አስወጣው እንጂ ዜማ አላስተማረውም። ትሉ በወደቀ ቁጥር «ከመጀመሪያው!» እያለ የሚጮህበት ሰው አጠገቡ አልነበረም። ልጁም ሲመለስ መምህሩ ይቅር ብሎ ተቀበለው፤ በትውፊቱ ውስጥ ከትሉ ቀጥሎ ልናስተውለው የሚገባን ይህ መቀበል ይመስለናል። የወደቀባትን ስፍራ ብቻ ለይቶ፣ ያችኑ ሁለትና ሦስት ድምፅ ቀስ እያለ እንዲደጋግም የተፈቀደለት ልጅ መንገዱን ያገኛል። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው እንዲነሣ የሚታዘዝ ልጅ ግን የሚያውቀውን መጀመሪያ ይበልጥ እያወቀ፣ የማያውቀውን መካከል ይበልጥ እየፈራ ይሄዳል።

«ጎበዝ» የምንለውም ቃል እንዲሁ ሊመረመር ይገባዋል። ከጓዳ የተወረወረ ጎበዝ፣ ስልክ እየተነጋገሩ የሚባል ጎበዝ፣ ዜማው ሳያልቅ የሚደርስ ጎበዝ፣ ማንም እንዳልሰማው ለልጁ የሚያስታውቅ ቃል ነው። ሕፃን ይህን ከእኛ ይልቅ ፈጥኖ ያውቃል። «ቅድም ከፍ ብሎ የተሰማው ድምፅ ምን ነበር? እስቲ ድገመው» ያለ ሰው ግን አንድም የምስጋና ቃል ሳይጨምር ልጁን አመስግኖታል።

እዚያው ሽሮ ሜዳ፣ ከዚህ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ የሸማኔው ልጅ አባቱ አጠገብ ተቀምጦ ሲማር ይታያል። አስቀድሞ ማጉን በቀሰም ላይ ያጠነጥናል፤ ቆይቶም እግሩን ከጉድጓዱ አስገብቶ እጁና እግሩ እንዲስማሙ ይለማመዳል። ፒያኖም እጅንና እግርን ማስማማት የሚጠይቅ ሙያ በመሆኑ ንጽጽሩ ያለ ቦታው የገባ አይመስለንም። ድሩ ሲበጠስ አባት በዚያችው ቦታ ይቋጥረዋል እንጂ ሸማውን ሁሉ አያስፈታም። በእርግጥ የሸማኔ ቤት ሁሉ የፍቅር ቤት ነው አንልም፤ ከጋሞ አገር እየመጡ ያለ ዕድሜያቸው በጉድጓዱ ውስጥ የሚውሉ፣ የሚቀጡም ልጆች እንዳሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን ልጁ ሙያውን በታላላቆቹ እጅ ላይ ያየዋል። በፒያኖው ቤት ውስጥ ግን ከልጂቱ በቀር ክዳኑን የሚከፍት የለም። አባት በሳምንት ለግማሽ ሰዓት ያህል ከልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ እርሷ መምህር ሆና አንዲት መስመር ብታስተምራቸው፣ ጣታቸው ስንት ጊዜ እንደሚስት አይተው ቁጣቸው እንደሚበርድ አንጠራጠርም።

በአገራችን ስማቸው ከታወቀው ሙዚቀኞች የሦስቱን ጅምር እዚህ ላይ ብናስታውስ ነገሩን ይገልጠዋል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ ተወልደው፣ የአውሮፓን ሙዚቃ የተማሩት በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተልከው ነው። ግርማ ይፍራሸዋ እ.ኤ.አ. በ1967 በዚሁ በአዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው ክራር ሲጫወቱ፣ ፒያኖን ያገኙት በ16 ዓመታቸው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው፤ ከዚያም ወደ ቡልጋሪያ ሄደው ተምረዋል። በገና ደርዳሪው አለሙ አጋ ግን እ.ኤ.አ. በ1950 በእንጦጦ ተወልደው፣ 12 ዓመት ሲሆናቸው የበገናው ሊቅ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ለቤተ ሰባቸው ጎረቤት ሆነው መጡ። ሁለቱ ፒያኖን ያገኙት ከቤታቸው ርቀው ነው፤ ሦስተኛው በገናን ያገኙት በአጥር ማዶ ነው። ዛሬ ፒያኖው ራሱ ከአጥር ውስጥ ገብቷል። እንደ አለቃ ተሰማ ያለ፣ ልጅ ዘወትር ቀርቦ የሚሰማው ጎረቤት ግን አብሮት አልገባም።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንመለስ። በልጂቱ ፊት የተዘረጋው መጽሐፍ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ጣትን በሥርዓት ያስኬዳል፤ ኖታን ያስነብባል። ጉድለቱ፣ በውስጡ ያሉት ዜማዎች የሌላ አገር ልጅ ከእናቱ ጭን ላይ ሆኖ የሰማቸው መሆናቸው ነው። ያ ልጅ ጣቱ ሲስት ጆሮው ያርመዋል፤ ዜማውን ያውቀዋልና። የእኛይቱ ልጅ ግን የምታርምበት ትዝታ ስለሌላት የአባቷን ፊት ታያለች።

የአውሮፓ ሊቃውንት ይህን ነገር አስበውበታል። ባሕ እ.ኤ.አ. በ1720 የመማሪያ ደብተር የጀመረው ለዘጠኝ ዓመቱ ልጁ ለቪልሄልም ፍሪደማን ነው። ሹማን የልጆች አልበሙን በ1848 ሲደርስ ያሰበው የገዛ ሴቶች ልጆቹን ነው። የሃንጋሪው ባርቶክ ደግሞ ከ1926 እስከ 1939 በደረሳቸው 153 አጫጭር ድርሰቶች ስድስት መጻሕፍት አዘጋጅቶ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለልጁ ለፔተር አበርክቷል። በነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ድርሰቶች አምስቱን ጣት በአምስት ቁልፍ ላይ አስቀምጠው ሁለቱን እጆች አንድ ዜማ ያስኬዳሉ፤ ባርቶክ ከገበሬዎች አፍ የሰበሰበው የዜማ ጠባይም ወደ ሕፃኑ ጣት የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

እኛስ ምን አለን? ከሁሉ አስቀድሞ፣ ብዙ ወላጆች ያላስተዋሉት አንድ ሀብት በፒያኖው ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። ከ88ቱ ቁልፎች 36ቱ ጥቁሮች ናቸው፤ ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ተሰልፈዋል። ከሦስቱ መካከል ከግራው ተነሥቶ ወደ ቀኝ አምስት ጥቁር ቁልፍ በተራ ቢመታ፣ የሚሰማው ሜጀር የሚባለው የትዝታ ቅኝት ነው። ስለዚህ ገና ኖታ የማያነብ የአምስት ዓመት ልጅ በጥቁሮቹ ላይ ብቻ ሲንሸራሸር ከቅኝት አይወጣም። ስሕተት የሌለበት ሜዳ ነውና ለመጀመሪያው ሳምንት ከዚህ የተሻለ መጫወቻ አናውቅም። አምባሰልና አንቺ ሆዬ በጥቁሮቹ ብቻ የማይገኙ፣ ነጮቹንም የሚጠይቁ ስለሆኑ ቆይተው ይመጣሉ። ያም ሆኖ የፒያኖ ድምፅ የተወሰነ መሆኑ አይካድም፤ መሲንቆ ተጫዋች ጣቱን አንሸራቶ የሚያገኘው በሁለት ቁልፎች መካከል ያለ ድምፅ በፒያኖ ላይ ከቶ የለም።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ሥራ የሚደነቀው ይህን እጦት በተወጡበት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር ታትሟል፤ በ2006 ደግሞ ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ሆኖ ለዓለም ተሰማ፤ እርሳቸውም በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። የውጭ አገር ጸሐፊዎች ሥራቸውን አንዳንድ ጊዜ ከሾፐን፣ አንዳንድ ጊዜ ከጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ ጋር ያመሳስሉታል። ግራ እጃቸውን ብቻ ለሰማ ሰው ንጽጽሩ ያስኬዳል፤ በቀስታና በተስተካከለ ርምጃ ይጓዛልና። ቀኝ እጃቸው ግን ዘግየት ይላል፤ ወደ ዋናው ድምፅ ከመድረሱ በፊት ጎረቤቱን ነካ ነካ አድርጎ ይገባል። ይህ የአገራችን አዜማሚ ጉሮሮ ጠባይ ነው። በሁለት ቁልፎች መካከል የሌለውን ድምፅ ሁለቱን በማፈራረቅ ጆሮ እንዲገምተው አድርገዋል። ደግሞም አጨዋወታቸው ለአዳራሽ የተሰናዳ አይመስልም፤ ክፍል ውስጥ አጠገባቸው ለተቀመጠ አንድ ሰው የሚነግሩ ይመስላል። ስለዚህ በቤት ለሚማር ልጅ ሥራቸውን ማሰማት የሚገባ ነው። እንዲጫወተው ማስገደድ ግን አይገባም፤ ያ መዘግየት በኖታ ላይ በሙሉ ሊሰፍር የማይችል ነውና፣ ልጁ የተጻፈውን ብቻ ቢከተል ደረቅ ዳንስ ይሆንበታል።

የግርማ ይፍራሸዋ ድርሰቶች ሌላ ጠባይ አላቸው። «አምባሰል»ንና ዋሽንት የያዘውን እረኛ የሚያሰማውን ድርሰታቸውን የሰማ፣ የአገር ቅኝት በመድረክ ፒያኖ ሙሉ ግርማ እንደሚያገኝ ይመሰክራል። እነዚህም ቢሆኑ የሠለጠነ የአዋቂ እጅ የሚሹ ናቸው። እኛ እስካየነው ድረስ፣ ከጥቁሮቹ ቁልፎች ተነሥቶ ወደ ባቲና ወደ አንቺ ሆዬ ደረጃ በደረጃ የሚወስድ፣ ለትንሽ እጅ የተለካ የድርሰት መጽሐፍ በመምህራኑ ጠረጴዛ ላይ አልገጠመንም። ቅሬታችን ይህ ነው፤ የምናቀርበውም ትልቁን ድርሰት መድረስ ለሚችሉት ነው። አንድ የሙዚቃ መምህር ለአንድ ተማሪው፣ በአንድ ገጽ፣ በአምስት ድምፅ የጻፈው እንኳ ጅምር ይሆናል።

ያን ዕለት ከወዳጃችን ቤት ወጥተን ጥቂት እንደ ተጓዝን ጃንጥላችንን መርሳታችን ትዝ ብሎን ተመለስን። እንግዶቹ ሁሉ ሄደዋል። የልጂቱ አያት ከፒያኖው አጠገብ በዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ሆነው እንዝርታቸውን ያሾራሉ። ልጂቱ ቆማ፣ መጽሐፉን ሳትገልጥ፣ የሰፈር ልጃገረዶች በጠዋት ከበር በር እየዞሩ ያዜሙትን የእንቁጣጣሽ ዘፈን በአንድ ጣት በጥቁሮቹ ላይ ትፈልጋለች። አንዳንዱን ታገኛለች፤ አንዳንዱን ትስታለች። «እሷ አይደለችም፤ ዝቅ ትላለች፣ እናቴ» ይላሉ አያቷ፣ ከጥጡ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ። ልጂቱ ዝቅ ብላ ፈልጋ አገኘችው፤ ሣቀችም። ቀጥላ የምትፈልገው ድምፅ ያለው ግን ድምፅ በማይሰጠው ቁልፍ ላይ ነበር፤ ብትመታው እንጨቱ ብቻ ቋ አለ። ወደ አያቷ ዞር አለች። አያቷም ያችን አንዲት ድምፅ በጉሮሯቸው አወጡላት። ልጂቱ ከዚያው ቀጠለች፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ እዚያ ቁልፍ ላይ ስትደርስ፣ ቋ ሲል አያቷ ያዜሙላት ነበር። እኛም ጃንጥላችንን ይዘን በሩ ላይ እንደ ቆምን እስኪያልቅ ሰማን።