የዶቅማ ዘር ቀጠሮ አያውቅም

«ጋሼ፣ የዶቅማውን ፍሬ ለምን እንደ ግራሩ አድርቀን በጆንያ አናስቀምጠውም?» አለኝ በቅርቡ ችግኝ ጣቢያችን የገባ ወጣት። ጠያቂ ልጅ ደስ ይለኛል። ለግራርና ለጽድ ያለው ልክ ነው፤ ለዶቅማ ግን ሞት ነው።

የዶቅማ ዘር እርጥበቱን እንደያዘ ከዛፉ ይወርዳል፤ እርጥበቱ ሲወጣ ነፍሱም አብራ ትወጣለች። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ወንዝ በሚያጥለቀልቀው ደን ውስጥ የሚያድገው ኦክ የተባለው ዛፍም ጠባዩ ይኸው ነው፤ ፍሬው ከደረቀ አይበቅልም። ስለዚህ በዚህ ነገር አልደራደርም፤ ፍሬው ጠቁሮ ሲወድቅ ይለቀማል፣ ሥጋው ይታጠባል፣ ሳይውል ሳያድር ይዘራል።

ከአንድ የሙያ ባልደረባዬ ጋር ዘወትር የምንሟገተው በዚህ ነው። እሱ «ዘር ሁሉ በአንድ መጋዘን ይከማች፣ ወሩ ሲደርስ ለየጣቢያው ይከፋፈል» ይላል። ለሪፖርት ይመቻል። ግን በዚህ አሠራር የምንተክለውን ዛፍ የሚመርጥልን መጋዘኑ ነው፤ መደቡን ባሕር ዛፍ ይሞላዋል፣ ዶቅማ ይቀራል።

«እመጓ» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተዋል። እሳቸውና ፕሮፌሰር ደምል ተከታይ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ አብዛኞቹ የደኑ ዛፎች አፈር ውስጥ የተጠራቀመ ዘር እንደሌላቸው አሳይተዋል። እናት ዛፉ ከተቆረጠ ከመሬት የሚነሣ ተተኪ የለም ማለት ነው። አፈሩ ራሱ ያላከማቸውን እኛ በጆንያ እናቆየው ማለት ምን ይባላል?

ለዶቅማ ይህን ያህል የምከራከረው ወንዞቻችን ስለሚፈልጉት ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው፣ በክረምት የፎገራን ሜዳ እያጥለቀለቁ ጣና ይገባሉ። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ስንቱን ከቤቱ እንዳፈናቀለ የአካባቢው ሰው አይረሳም። የወንዝ ዳር የሚፈልገው ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ አፈሩን ጨብጦ የሚይዝ ዛፍ ነው። ዶቅማ ለዚህ የተፈጠረ ነው።

በልጅነታችን ጉማራ ዳር ከብት ስንጠብቅ ምሳችን ዶቅማ ነበር። እናቴ የጠቆረ ምላሴን አይታ ከብቶቹ ወዴት እንደዋሉ ታውቅ ነበር። የተፋነው ፍሬ በዚያው ቅጽበት ጭቃ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ የተሻለ የአዘራር ዘዴ እስካሁን አላየሁም። ሙያው ያስተማረኝም ይህንኑ ነው፤ ዕቅዴን ከዛፉ ቀን ጋር ማስማማት እንጂ ዛፉን በእኔ ዕቅድ አለመጥራት። የዶቅማን መጥቆር እንደ ዓመት በዓል እጠብቃለሁ።

በፎገራና በደራ ችግኝ የምታፈሉ ሁሉ፣ የደብር አጸድ የምትጠብቁ አባቶችም፣ አደራ፦ አፈሩንና ፕላስቲኩን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ፍሬው በሚጠቁርበት ሳምንት ከዛፉ ሥር ተገኙ፤ የለቀማችሁትን በዕለቱ ዝሩ።