የብራና ሥዕል ከመጽሐፉ ሲለይ

ከአብደራፊ ቆላ ተነሥቶ በአርማጭሖ በኩል ወደ ጎንደር የሚወጣ መንገደኛ፤ ከደብሩ ገብቶ የብራናው ተአምረ ማርያም ሲገለጥለት አስቀድሞ ዓይኑን የሚይዘው ሥዕሉ ነው። ነገር ግን ከተማሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ይህን ሥዕል አይተው፤ «ጥላ የለውም፤ ሩቁና ቅርቡ አይለይም፤ ሠዓሊው ገና አልተማረም» ይላሉ። ይህ ፍርድ ስሕተት መሆኑን ለማወቅ የሌላውን አገር የመጽሐፍ ሥዕል አስተያይቶ መመልከት ይጠቅማል።

በሄራት የነበረው ብህዛድና ከእርሱ በኋላ የተነሡት የታብሪዝ ሠዓሊዎች በፋርስ የመጽሐፍ ሥዕል እጅግ የተመሰገኑ ናቸው። እነርሱም ጥላ አይሥሉም። ምንጣፉን ከላይ እንደሚታይ፤ በምንጣፉ ላይ የተቀመጠውን ንጉሥ ግን ከፊቱ እንደሚታይ አድርገው በአንድ ገጽ ያኖራሉ። ይህም ካለመቻል የመጣ አይደለም፤ አንባቢው ከታሪኩ አንዳች እንዳይሰወርበት ነው እንጂ።

የጎንደር ሠዓሊም አሳቡ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ መንገዱ ግን የራሱ ነው። ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ሲያሳይ፤ ሰይጣንንና ዓመፀኛውን በጎን በአንድ ዓይን ይሥላል። ስለዚህ ፊደል ያልቈጠረ ምእመን እንኳ ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ ያውቃል። የውጭውንም ጥበብ አልናቀም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1590–91 በሮማ በዐረብኛ ከታተመው ወንጌል የሥዕሉን አሰላለፍ ወሰደ፤ በጥቁር መስመር ብቻ የነበረውንም በቀይና በቢጫ ቀለም ሕይወት ሰጠው። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ደግሞ ፊቱን በቀለም ማለስለስ፤ ልብሱንም በአበባ ማስጌጥ በረታ። እውነቱን ለመናገር በዚህ ትርፍም ጉዳትም አለ፤ ፊቱ ሲለዝብ የቀድሞው የዓይን ኀይል ደከመ፤ አንዳንድ ጊዜም ልብሱ ከቅዱሱ ይልቅ ይታያል።

የሆነ ሆኖ የሁለቱም አገር ሥዕል ሕይወቱ በመጽሐፉ ውስጥ ነው። የበላዔ ሰብእን ሥዕል እናስብ። ሚዛኑን፣ እመቤታችንንና ያን ምስኪን ሰው የሚያይ እንግዳ ሚዛን ብቻ ያያል፤ ንባቡን የሰማ ግን ጥርኝ ውኃ 78 ነፍሳትን እንደ መዘነ ያያል።

ይህን የዘነጋ ምን እንደሚያጠፋ ከፋርስ መጽሐፍ እንማር። ለሻህ ጠህማስብ በታብሪዝ የተዘጋጀው የነገሥታት መጽሐፍ 258 ሥዕሎች ነበሩት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1959 አርተር ሆውተን የሚባል አሜሪካዊ ባለጸጋ ገዛው፤ ኋላም ቅጠሎቹ ተፈትተው በየስፍራው ተበተኑ። በ1994 ወደ ኢራን የተመለሱት ሥዕሎች 118 ብቻ ናቸው፤ እነርሱም በአንድ ዘመናዊ ሥዕል ተለውጠው ነው።

በእኛም ዘንድ ጥፋቱ ብዙ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራትም ጭምር ያሰባሰቧቸውን መጻሕፍት የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ወሰደ፤ ዛሬ በለንደን 350 ያህል ይገኛሉ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ በመተማ በኩል የወጣው የድርቡሽ ጦር የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለ። ከመቅደላ የሄደው ቢመለስ ይነበባል፤ የተቃጠለው ግን ዐመድ ሆነ። በምላጭ ተቈርጦ ለመንገደኛ የሚሸጠው ቅጠልስ? በባለጸጋ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ንባቡ ወዲህ፤ ሥዕሉ ወዲያ ይቀራል፤ ሁለቱም ድዳ ይሆናሉ።

ይህን ጥፋት ግን ጦር አላመጣውም፤ የሚመጣው ከገዛ ቤታችን ነው። እንግዲህ የደብሩ ገበዝ የመጽሐፉን ቍጥር ብቻ ሳይሆን በየመጽሐፉ ያለውን የቅጠልና የሥዕል ቍጥር ጽፎ ይያዝ፤ ሲረከብም ሲያስረክብም ይቍጠር። የተማረውም ሰው ሥዕሉን ከመንቀፉ በፊት አጠገቡ ያለውን ንባብ ያንብብ።