ጕድጓዱ ከሞላ በኋላስ?

በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ገጠር የተዠመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ የሚመሰገን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባወጡት ግምት፣ በ1990 ከሕዝቡ ከመቶ 92 እጁ በሜዳ ይጸዳዳ ነበር፤ በ2015 ግን ወደ 29 ወርዷል።

እኛ የምንነቅፈው መለኪያውን ነው። ይህ ቍጥር ጕድጓዱ ሲሞላ ምን እንደሚደረግ፣ የልብስና የዕቃ እጣቢውም ወዴት እንደሚፈስ አይነግረንም። ቧንቧ ለሌለው መንደር የከተማን የፍሳሽ ማጣሪያ መመኘት ከንቱ ነው። የከርሰ ምድሩ ውሃ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ አፈሩ ራሱ ያጣራል፤ ይኸውም የመጸዳጃው ጕድጓድ ከምንጩ በታች፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ሲቈፈር፣ እጣቢውም ጠጠር በተሞላ ጕድጓድ ሲሰርግ ነው።

ስለዚህ ቈጣሪው ከመጸዳጃው በር አይመለስ፤ ወደ ምንጩም ይውረድ። ሕፃናቱ የሚጠጡት ከዚያ ነውና።