ስትነዳ የምትታይ መኪና

የሽቦ መኪና ቆማ ስትታይ ገና አላለቀችም። የታጠፈ ሽቦ፣ ለጎማነት አራት የለስላሳ ቆርኪ፣ ላይዋ ላይ ለመሪነት የተጠቀለለ ቀለበት፤ ያለው ይኸው ነው። የምታልቀው ልጁ መሪዋን ይዞ ሲራመድ ነው።

የአገራችን ልጆች በብዙ ከተማ ይሠሯታል፤ ሐዋሳ ግን በተለይ ትመቻታለች። ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወስደው ሰፊ አስፋልት ሜዳማ ስለሆነ ቁልቁለት አያግዛትም። ፍጥነቷ የልጁ እርምጃ ነው።

ቆርኪውን ጠጋ ብለን እንየው። ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ አንዴ ሲዞር 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ልጁ 100 ሜትር ሲነዳት እያንዳንዱ ቆርኪ 1,000 ጊዜ ያህል ዞሯል። በዝግታ ሲሄድ 21ዱ የቆርኪ ጥርሶች ተለይተው ይታያሉ፤ ሲሮጥ ተዋህደው አንድ ክብ ይሆናሉ። መንገዱና ጊዜው በዚያች ትንሽ ቆርቆሮ ላይ ይገናኛሉ።

ስለዚህ ቆርኪው መሃል በምስማር የሚበሳው ቀዳዳ ቀላል ነገር አይደለም። ምስማሩ ከመሃል ጥቂት ከሳተ ስሕተቱ በየዙሩ ይደገማል፤ መኪናዋ እያነከሰች ትሄዳለች። ቀዳዳው ከጠበበ ጎማው አይዞርም፣ ከሰፋ ይወላገዳል።

ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው መሪዋን ነው። ከልጁ ወገብ እስከ ፊት ጎማዎች የሚወርደው ረጅም ሽቦ በተጠመጠመ ቀለበት ውስጥ ያልፋል። ቀለበቱ ይደግፈዋል እንጂ አያስረውም፤ እጅ ትንሽ ሲዞር ጎማዎቹ ይታዘዛሉ። መገጣጠሚያዎቿ በቀጭን ሽቦ የተጠመጠሙ ናቸው። ጠጠር ሲገጥማት ጥምጥሙ ጥቂት ተለጥጦ ይመለሳል።

የሽቦ ሥራን በእጁ ያንቀሳቀሰ ሌላም ሰው ነበር። አሜሪካዊው ቀራጺ አሌክሳንደር ካልደር ከ1926 እስከ 1931 እ.ኤ.አ. ከሽቦ፣ ከጨርቅና ከቡሽ ትንሽ ሰርከስ ሠርቶ ነበር፤ እንስሳቱንና አክሮባቶቹን በገዛ እጁ እያንቀሳቀሰ ለተመልካች ያሳይ ነበር። ሥራው ዛሬ ኒው ዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ተቀምጧል። እንቅስቃሴውን ማየት የሚሻ ግን ካልደር ሲያሳየው የተቀረጸ ፊልም መፈለግ አለበት፤ የሚያንቀሳቅሰው እጅ የለም።

የእኛዎቹ ሠሪዎች ግን አሁንም ከመኪናቸው ጋር ናቸው። አንድ ቀን ሐዋሳ ውስጥ ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ ለመኪናዎቹ ከመደርደሪያ በፊት ወለል ይሰጣቸው፤ ልጆቹም ተጠርተው ራሳቸው ይንዷቸው። ሥራቸው በትክክል የሚመዘነው ያን ጊዜ ነው።