ከኬኩ ሥር ያለ ሙያ

ሰው ኬክ ሲያይ ክሬሙን ያያል። እኔ ግን አክስቴ በጋገረች ቁጥር ዓይኔ የሚቀረው ክሬሙ ገና ሳይታሰብ በምትሠራው ሥራ ላይ ነው። እንቁላሉ አልተመታም፤ ኦቭኑም አልሞቀም። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ክብ መጋገሪያ፣ መቀስና የመጋገሪያ ወረቀት ጥቅል ብቻ ናቸው።

መጋገሪያዋ 24 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ከጥቅሉ ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ባለ አራት እኩል ጎን ወረቀት ትቆርጥና ለሁለት፣ ቀጥሎም ለአራት ታጥፈዋለች። ከዚያ የወረቀቱ መሐል የሆነችውን ጫፍ ሳትለቅ ሁለቴ በሰያፍ ታጥፋለች። አሁን ወረቀቱ 16 ድርብ ሆኖ እንደ ጦር ሾሏል። መጋገሪያውን ትደፋና የሾለውን ጫፍ በቂጡ መሐል ታሳርፋለች፤ ጠርዙ ጋ ሲደርስ በአውራ ጣቷ ጥፍር ምልክት ታደርጋለች። መቀሱ ግን ከምልክቱ ላይ አያርፍም፤ ለቆርቆሮው ውፍረት ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀጥ አድርጋም አትቆርጥም። ቀጥ ያለ ቁርጥ ሲዘረጋ 16 ማዕዘን ያወጣል፤ እሷ መቀሱን በትንሹ ታጎብጠዋለች። ወረቀቱ ሲዘረጋ የእጥፋቱ መስመሮች እንደ ፀሐይ ጨረር ከመሐል ወጥተው ክብ ሆኖ ይገኛል።

ለግድግዳው 78 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጥብጣብ ታዘጋጃለች፤ ዙሪያውን ለመክበብ 75 ከምናምን ስለሚበቃ ትርፉ ለመደራረቢያ ነው። የታችኛውን ጠርዝ 2 ሳንቲ ሜትር አጥፋ በመቀስ ትዘለዝለዋለች። መጋገሪያውን ቅቤ ካስነካች በኋላ መጀመሪያ ጥብጣቡን ታስገባለች፤ ዝልዝሉ ወለሉ ላይ ይተኛል። ክቡ ወረቀት ከላዩ ሲነጠፍ ዝልዝሉ ተሸፍኖ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ወረቀቱ ከሰፋ በግድግዳው ሥር ይኮማተራል፤ ሊጡም ኩምትሩን ይዞ ይበስላል። ከጠበበ ደግሞ ሊጡ በክፍተቱ ገብቶ ብረቱን ይይዛል። ወረቀቱ ራሱ ሲሊኮን የተቀባ ስለሆነ ከኬኩ በቀላሉ ይላቀቃል። ሰም የተቀባው ወረቀት ግን ኦቭን ውስጥ ሰሙ ይቀልጣል፤ አክስቴ ለዚህ ሥራ አታስጠጋውም።

አክስቴ ይህን ዓይን ያገኘችው ከወረቀት አይደለም፤ ከኮባ ነው። ልጅ ሳለሁ ድፎ ስትደፋ አይቻታለሁ። የቅጠሉ አከርካሪ ወፍራም ስለሆነ ሲታጠፍ ቅጠሉን ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ በቢላዋ ትልጠዋለች። ከዚያ እሳት ላይ ለብለብ ታደርገዋለች፤ ቅጠሉ መልኩ ይጠቁርና እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል። በንጹሕ ጨርቅ ወልውላ አንዱን ጫፍ በሌላው ላይ እያስኬደች ምጣዱን ታለብሳለች፤ ትርፉ ወደ ውጭ ይንጠለጠላል። ሊጡ ከፈሰሰ በኋላ የተንጠለጠለው ወደ ላይ ተመልሶ ሊጡን ይከድናል። አንዲት ክፍተት ከቀረች ሊጡ በእሷ ወጥቶ ምጣዱ ላይ ያርራል።

ዛሬ ወረቀቱን ስታነጥፍ ያው እጅ ነው። መዳፏን ከመሐል ወደ ዳር አንድ ጊዜ ታስኬዳለች፤ አየር የያዘ ቦታ ካለ እዚያው ይታወቃታል።

ሙያ በልብ ነው ይባላል። የዚህ ሙያ ማረጋገጫው ግን ኬኩ በርዶ ሲገለበጥ ይወጣል። ወረቀቱ ሲላጥ ድምፁ እንኳ አይሰማም፤ ሥሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቡናማ፣ ጠርዙም ያልተሸረፈ ነው። የድፎው ደግሞ ይበልጣል፤ ቅጠሉ ሲነሣ የኮባው ጅማት በዳቦው ቆዳ ላይ መስመር በመስመር ታትሞ ይቀራል።

እንግዲህ በቀጣዩ በዓል ዳቦ ሲቀርብላችሁ፣ ከመቆረሱ በፊት አንዴ አንሥታችሁ ሥሩን እዩት። ጋጋሪዋንም ስለ እሱ አመስግኗት።