ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለሚገቡ የተዘነጉ ልብ ወለድ መጻሕፍት

አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ልብ ወለድ መጽሐፍ ለማንበብ ፈልጎ መምህሩን በጠየቀ ጊዜ፥ ከመምህራን ብዙዎቹ ያለ ማመንታት የሚሰጡት ፍቅር እስከ መቃብርን ነው። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ በአማርኛ ልብ ወለድ መካከል የያዘውን የክብር ስፍራ የሚነሣው የለም፤ ሊነሣውም አይገባም። ነገር ግን መጽሐፉ ከ500 ገጽ የሚበልጥ፥ የባላባቱንና የጭሰኛውን ክርክር፥ የካህናቱንና የመኳንንቱን ጠባይ እያገላበጠ የሚመረምር፥ ዐዋቂ ሰው በዝግታ እንዲያነበው የተጻፈ ነው። የ13 ዓመት ልጅ ጥቂት ምዕራፍ ከሄደ በኋላ ይደክመውና ይዘጋዋል። ክፋቱም መዝጋቱ ብቻ አይደለም፤ ልብ ወለድ ማለት እንዲህ ያለ ነገር ከሆነ ለእኔ አይደለም የሚል ፍርድ በልቡ ይዞ መሄዱ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዳዊት ያልደገመውን ልጅ ቅኔ ቤት የሚያስገባው መምህር የለም። በልብ ወለድ ንባብ ግን ይህ ሥርዐት ሲጠበቅ አይታይም።

ታዲያ ለዚህ ዕድሜ የሚስማማ መጽሐፍ በአማርኛ የለምን? አለ፤ ነገር ግን ስሙ ለፈተና ይጠናል እንጂ እርሱ ራሱ አይነበብም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ማን ይባላል ተብሎ ሲጠየቅ «ጦቢያ» ብሎ የሚመልስ ተማሪ ብዙ ነው፤ ጦቢያን ገልጦ ያየ ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ይህን መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ሲያሳትሙት ስሙን «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለውት ነበር፤ ዛሬ የዚህ ዐይነት ጽሑፍ ሁሉ የሚጠራበት ስም ከዚያ የወጣ ነው። ታሪኩ አንድ የጦር አለቃ በጦርነት ተማርኮ በባርነት ሳለ፥ ደግ ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ነጻ እንዳወጣው ይናገራል። ልጁ ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ለመክፈል ከቤት ይወጣና እርሱ ራሱ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል፤ መንታ እኅቱ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትሄዳለች። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ፥ መከራና መገናኘት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አጋጣሚው ይበዛል፤ የጦቢያም መልክ ሲወደስ ጸሐፊው ማቆሚያ ያጡ ይመስላሉ። ዐዋቂ ሐያሲ እነዚህን ሁለቱን ጕድለቶች ቢነቅፍ ይፈረድለታል። የ13 ዓመት ልጅ ግን የሚጠይቀው «ቀጥሎስ ምን ሆነ?» ብሎ ነው፤ ይህንም ጥያቄ እንደ ጦቢያ ገጽ በገጽ የሚያስጠይቅ የአማርኛ መጽሐፍ ብዙ አይገኝም። መጠኑም ከ100 ገጽ በታች ነው። በዚያ ላይ ለማዳን የምትወጣው ሴት ልጅ መሆኗ፥ በክፍሉ ውስጥ ላሉት ሴቶች ልጆች ትልቅ ነገር ነው።

በዚህ መጽሐፍ ላይ የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ ስለ ጽሕፈቱ ሳይሆን ስለ ጸሐፊው ነው። ነጋድራስ አፈ ወርቅ በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ከወራሪው ጋር ወግነው ነበር፤ ከነጻነት በኋላም በግዞት ሳሉ ዐረፉ። ይህ ከተማሪ ሊሰወር አይገባም። አገሩን ያስከፋ ሰው ከዚያ በፊት የአገሩን ቋንቋ እንዲህ አሳምሮ መጻፉ፥ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሊያስብበት የሚችል ጥያቄ ነው፤ መምህሩም መልሱን ቸኵሎ ባይሰጠው ይሻላል።

ሁለተኛው መጽሐፍ፥ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ያወጡት አዲስ ዓለም ነው። አወቀ የሚባል የተጕለት ልጅ ትምህርት ናፍቆ እስከ ፓሪስ ይሄዳል፤ ተምሮም ሲመለስ ያገሩን ልማድ እንደ ቀድሞው አድርጎ ማየት ይሳነዋል። የታሪኩም ጕልበት ያለው ስለ ተዝካር ድግስ ከዘመዶቹ ጋር በሚጣላበት ስፍራ ነው። ዘመድ ሁሉ ደግስ ይለዋል፤ እርሱ ደግሞ ለድኻ መመጽወት ይሻላል ብሎ ይከራከራል።

ካህናት ይህን መጽሐፍ በልጆች እጅ ማየት ደስ ላይላቸው ይችላል። ነገር ግን ጸሐፊው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጡ ሰው እንደ ነበሩ መዘንጋት የለበትም፤ የሚነቅፉትም ድግሱን እንጂ ጸሎቱን አይደለም። ዛሬም ቢሆን ለተዝካር ተበድሮ ደግሶ ዕዳው ለልጆቹ የተረፈ ቤተ ሰብ የማያውቅ የነፍስ አባት ማግኘት ያስቸግራል። ክርክሩን ልጆቹ በመጽሐፍ ቢያገኙት፥ በቤታቸው ሐዘን በደረሰ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚያገኙት ይልቅ በረጋ ልብ ይመረምሩታል።

የመጽሐፉ ጕድለት ሌላ ነው። አወቀ የሚሳሳትበት ቀን የለም ማለት ይቻላል፤ ሲናገርም እንደ ወጣት ሳይሆን እንደ ሰባኪ ነው። ልጆች ደግሞ ሁልጊዜ እውነት የሚናገር ጓደኛ አይወዱም። ስለዚህ ብልህ መምህር ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ፥ እኵሌቶቹ ለአወቀ፥ እኵሌቶቹ ለዘመዶቹ እንዲሟገቱ ቢያደርግ፥ ጸሐፊው ለዘመዶቹ ያልሰጧቸውን አንደበት ልጆቹ ይሰጧቸዋል።

የእኒሁ ጸሐፊ የልብ አሳብ፥ ወይም የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ፥ በ1923 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን ልጆችን ያለ ዕድሜያቸው ስለ ማጋባት የሚናገር ነው። በአተራረኩ ከአዲስ ዓለም ያንሳል። ነገር ግን በሰባተኛ ክፍል የተቀመጡት ሴቶች ልጆች በየገጠሩ ለእጮኝነት ከሚታሰቡት ጋር እኩያ ስለሆኑ፥ ነገሩ ለእነርሱ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

በመጨረሻም የደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት አርአያ አለ፤ በ1941 ዓ.ም. የታተመ ነው። አርአያ ወደ ፈረንሳይ አገር ሄዶ የእርሻ ትምህርት ይማራል፤ ሲመለስ ምኞቱ መሬት ማረስ ሳለ በአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ይቀራል፤ ጦርነትም መጥቶ አርበኛ ይሆናል። ከሦስቱ ሁሉ ሰፊውና ለዛሬው አማርኛ የቀረበው ይህ ነው። ረዣዥም ንግግሮች ስላሉበት ግን ለሰባተኛ ክፍል ይከብዳል፤ ለስምንተኛ ክፍል መጨረሻ ቢቈይ ይሻላል። የተማረው ልጅ ትምህርቱን ሳይሠራበት ወረቀት ሲያገላብጥ የሚውልበት ክፍል ልዩ ትኵረት ይገባዋል፤ ልጆቹ የዚህ ዐይነት ወንድም ወይም አጎት በቤታቸው ስላላቸው ማስረዳት አያስፈልገውም።

የጦቢያ አማርኛ ከዛሬ ልጆች ጆሮ የራቀ ነው የሚሉ መምህራን እውነት አላቸው። ዳሩ ግን በየቃሉ እየቆሙ መተርጐም ታሪኩን መግደል ነው። መጽሐፉ በየቤተ መጻሕፍቱ ተትረፍርፎ የሚገኝ ስላልሆነም፥ መምህሩ አንዱን ቅጂ ይዞ በየሳምንቱ ጥቂት ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብ ሁለቱ ችግሮች ባንድ ጊዜ ይቃለላሉ፤ ጆሮ ዐይን ያልተረዳውን ቃል ከነገሩ አካሄድ ይረዳልና። ፍቅር እስከ መቃብር ራሱ ወደ ብዙ ቤት የገባው፥ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲያነበው በጆሮ ነበር። መምህሩ ንባቡን ዋሕድ በፈንጋዮቹ እጅ በወደቀበት ስፍራ አቁሞ መጽሐፉን ቢያጥፍ፥ በሚቀጥለው ሳምንት ከትምህርት የሚቀር ልጅ ያገኝ እንደ ሆነ ይመልከት።