«ሳብር» ለሚለው ቃል «ሾተል» ፍች ሊሆን ይችላልን?

ከባዕዳን ቋንቋዎች ወደ አማርኛ በሚተረጐሙ ጽሑፎች ዘንድ አንድ ልማድ ሥር ሰዷል። ፈረንሳዮች «ሳብር» የሚሉትን፥ ፈረሰኛ ይታጠቀው የነበረውንና ዛሬ የስፖርት መወዳደሪያ የሆነውን መሣሪያ፥ አንዱ «ሰይፍ»፥ ሌላው «ሾተል»፥ ሦስተኛው «ሻሞላ» ይለዋል፤ ቃሉን እንዳለ የሚተዉም አሉ። እኛ በአራቱም አንስማማም። ተገቢው ቃል «ጎራዴ» ነው እንላለን።

ሾተል እንደ ማጭድ አጥብቆ የጐበጠ፥ በሁለቱም ወገን የተሳለ መሣሪያ ነው። ጕብጠቱ ለጌጥ አይደለም፤ ባላጋራ በጋሻ ተከልሎ ሲቆም ጫፉ ጋሻውን ዞሮ እንዲያገኘው ነው። የፈረሰኛው ሳብር ግን ባብዛኛው በአንድ ወገን የተሳለ፥ ጕብጠቱም መጠነኛ ሲሆን፥ ፈረሱ እየጋለበ ሲያልፍ ስለቱ እየተንሸራተተ ይቆርጣል። ሁለቱን አንድ ያደረገ ተርጓሚ ያየው መጕበጣቸውን ብቻ ነው፤ በዚህ መለኪያማ ማጭድም ሾተል በተባለ ነበር። ሰይፍ ደግሞ ከግእዝ የወረስነው የወል ስም ነው። በቅዱሳት መጻሕፍትም በሊቀ መላእክት ሥዕልም እናገኘዋለን፤ ዐይነት ለይቶ ግን አይነግረንም።

የስሙ መደባለቅ የሚያስከትለውን ጉዳት ለማየት የሰቆጣውን ዋግሹም ጎበዜን እናንሣ። ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በመጨረሻውም ዓመት ዐድዋ አጠገብ፥ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በተባሉት በካሣ ምርጫ ተሸነፉ። በቁጥር የበለጠ ሠራዊት የነበራቸው ጎበዜ ነበሩ፤ ካሣ ግን በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ሲመለስ የተወላቸው መድፍና ጠመንጃ ነበራቸው። ይህን ታሪክ የሚጽፍ ሰው «ጦርና ሰይፍ የያዘ ሠራዊት» ብሎ ሲያልፈው፥ አንባቢው በዐይነ ኅሊናው የሚያየው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። ሾተል በጋሻ ለሚጋፈጥ ሰው፥ ጎራዴ ለፈረሰኛ እንደሚስማማ ካላወቅን፥ ያ ሠራዊት በምን ርቀት ሊጐዳ፥ በምን ርቀትም ሊጐዳበት እንደሚችል ልንገምት አንችልም። የመሸነፉም ምክንያት ከፊሉ ያለው እዚሁ ነው።

«ሳብር» ይቅር የምንለው የውጭ ቃል ስለ ጠላን አይደለም። የብዙ ጎራዴዎች ስለት ራሱ የመጣው ከውጭ ነው። በጀርመን አገር በዞሊንገን ተሠርቶ፥ የአንበሳ ምስልና የአማርኛ ጽሕፈት ተቀርጾበት ይላክ ነበር። እዚህ ሲደርስ የአውራሪስ ቀንድ እጀታ ተበጀለት፥ የቆዳ አፎት ለበሰ፥ አውሮፓዊው በግራው የሚያንጠለጥለውን ያገራችን ሰው በቀኙ ታጠቀው፤ ግራ እጁ ጋሻ ይዟልና። ስሙንም ጎራዴ አለው። ትርጕሙን ፋቂውና ታጣቂው ከሠሩት በኋላ እኛ እንደ ገና «ሳብር» ብንል፥ የተከፈለ ዕዳ መክፈል ይሆንብናል።

«ቀጥ ያለም ጎራዴ አለ» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የናፖሌዎን ጥሩር ለባሽ ፈረሰኞች የታጠቁት ሳብርም ቀጥ ያለ ነበር። የሁለቱ ቃላት ስፋት እዚህም ላይ መመሳሰሉ ለአሳባችን ድጋፍ ነው።

ለስፖርቱም ሌላ ቃል አያስፈልግም። ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ጦር ይዘው በዐድዋ በተሰለፉበት በ1888 ዓ.ም.፥ ከድሉ አንድ ወር ያህል ቈይቶ በአቴና በተከፈተው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ጨዋታ ሳብር አንዱ ውድድር ነበር። አውሮፓውያን ለጨዋታው አዲስ ስም አላወጡም፤ የጦሩን ስም ሰጡት። እኛም «የጎራዴ ግጥሚያ» ብንል ይበቃል። በዚህ ግጥሚያ በስለትም በጫፍም መንካት ያስቈጥራል፤ የሚነካውም ከወገብ በላይ ነው። ይህ ደንብ ከፈረሰኛ ውጊያ የመጣ ነው ሲባል እንሰማለን፤ ማስረጃው ግን ቀጭን ስለሆነ በመዝገበ ቃላት ፍች ውስጥ ባይገባ እንመርጣለን። ፍሎሬና ኤፔ የሚባሉት ሁለቱ ሌሎች መሣሪያዎች አቻ እስኪገኝላቸው ድረስ በስማቸው ይቈዩ።

በዋግ ኽምራ ቃል ለሚሰበስቡ ባልደረቦች አንድ ማሳሰቢያ አለን። በዚያ አገር ከአማርኛ ጋር ኽምጣኛ ይነገራል፤ ስለዚህ «ጎራዴ»ን የሁለቱም ቋንቋ ቃል አድርጎ ከመመዝገብ በፊት ተናጋሪዎቹን መጠየቅ ይገባል። ሲጠይቁም መሣሪያውን ከፊታቸው አስቀምጠው፥ የእጀታውን፥ የአፎቱንና የማንገቻውን ስም ለየብቻ ይመዝግቡ።